ያረፈ ካርድ

«የዛሬው ፀሐይ መቼም ለጉድ ነው… ቁጭ በይ እንጂ እህቴ፤ ወንበሩ የማንም አይደለም፣ የደንበኛ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከጎኗ ያለውን የፕላስቲክ ወንበር በመዳፏ ጠረግ ጠረግ እያደረገች።

የጥገና ሱቁ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ እስከ ጣሪያ የተቆለለ አሮጌ ኮምፒዩተር። አሁን የገባችው ልጅ እግር ነርስ ናት፤ ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች፣ በእጇ የተዘረጋ ወረቀት ይዛለች። ከባንኮኒው ኋላ መበየጃ ይዞ ያጎነበሰው ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» የሚለው ጠጋኝ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም። የሚበይደው የእሷኑ የስፌት መኪና ፔዳል ነው። ሽቦው ጠዋት ተበጥሶባት ይዛው መጣች። እንዴት እንደ ተበጠሰ እሷና አምላኳ ያውቃሉ፤ ኢንጂነሩ ግን ገና ሲያየው በመቀስ የተቆረጠ ያህል ጥርት ማለቱን ልብ ብሏል። ልብ አለ እንጂ አልጠየቀም።

ይህች ሴት በትዕግሥቷ የታወቀች ናት። መርፌ ወድቆ ቢጠፋባት አትቆጣም፤ ጎንበስ ብላ እስክታገኘው ወለሉን ትዳብሳለች። ዛሬም የምትፈልገው ነገር አላት። ችግሩ ግን ልጇ አስምላታለች። «እማ፣ አጎቴን አንዲት ቃል እንዳትናገሪው» ብላ መሐላ አስገብታታለች። መሐላ ደግሞ ለእሷ መሐላ ነው። ስለዚህ ከገባች ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ኢንጂነሩን አንዲት ቃል አልተናገረችውም። ከነርሷ ጋር ማውራት ግን ማን ከለከላት?

«ለወንድምሽ ነው? ወረቀቱን ሳይ ጊዜ ገባኝ። ልጆቹ እንዲህ ነው የሚጽፉት፣ የሐኪም ማዘዣ አስመስለው። ግራፊክስ ካርድ፣ ያገለገለ፣ ረከስ ያለ… አየሽ፣ ማንበብ ችያለሁ። የኔዋ መጀመሪያ ‘እማ፣ ካርድ ልግዛ’ ስትለኝ የስልክ መስሎኝ ‘ለእኔም አንድ አምጪልኝ፣ አልቆብኛል’ አልኳት። ሦስት ቀን ሙሉ ሳቀችብኝ። ያኔ ትስቅ ነበር፤ አባቷም ነበረ።

»አሁንማ አስተማሪ ልሆን ምንም አልቀረኝ። ጌም ለሚጫወቱበት ኮምፒዩተር ነፍሱ እሱ ነው አሉ። ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ የሚሥለው እሱ ነው። አቅም የሌለው ሰው ርካሽ ኮምፒዩተር ገዝቶ ደህና ያገለገለ ካርድ ከገጠመበት ከባለ አዲሱ እኩል ይጫወታል። ይሄ ደግሞ እውነት ነው። ያገለገለ ዕቃ ስም ማጥፋቴ እንዳይመስልሽ! እኔ የምኖረው በምን ሆነና? ስንቱን አሮጌ ኮት ገልብጬ ሰፍቻለሁ፤ የደበዘዘው ወደ ውስጥ፣ የደመቀው ወደ ውጭ። ግን ሳስረክብ ‘የተገለበጠ ነው፣ እወቀው’ እላለሁ። ምን ይደረግ… አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሥራ ነው። የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም። ደንበኛን ማስጨነቅ ይሆናል።»

ኢንጂነሩ እጁን ዘርግቶ ባንኮኒው ላይ ያለችውን ትንሽ ማራገቢያ አስነሳ። ማራገቢያዋ ጉር… አለች። ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገች።

«እሰይ! ይቺስ ትዞራለች። አንዳንዷ እኮ አትዞርም… ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ አንድ ሰው አውቃለሁ። እዚህ አካባቢ አይምሰልሽ፤ ሩቅ ነው። ድሮ ቅርብ ነበር፣ አሁን ግን በጣም ሩቅ ነው። እሱ እንግዲህ የዚህ ነገር አዋቂ ነው። እጁ ወርቅ ነው ስልሽ! ያረጀ የነካ እንደሆን ዕቃው የትናንት ይመስላል። ምን እንደሚቀባው እንጃ። ልጄ ካርዱን ገዝታ ስትገባ የጫማ ቀለም ሸተተኝ። ‘አዲስ ጫማ ገዛሽ እንዴ?’ አልኳት። ለካ የንጽሕና ሽታ ነው! ምን አውቄ…

»ገንዘቡን ያገኘችው ክረምቱን በሙሉ የሰፈሩን ልጆች ጸጉር እየሠራች ነው። ጣቷ እስኪላጥ። እሱን ለማለት አይደለም ያነሣሁት፤ እሱስ ይቅር። ጸጉር ይበቅላል፣ ጣትም ይድናል። እንዲያው እንድትጠነቀቂ ነው። አንቺ ስትገዢ መጀመሪያ ብሎኖቹን እያቸው። እኔ ያገለገለ ኮት ስገዛ ፊቱን አላይም፣ ገበሩን ነው የምገልጠው። የብሎኑ አናት ተፋፍቆ ከሆነ ካቻቪቴ ገብቶበታል፤ የሆነ ሰው ከፍቶ ነካክቶታል ማለት ነው። የእኛ አራቱም ተፋፍቀው ነበር። ያ ሰው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? ‘ለልጄ የምሰጠውን ዕቃ ውስጡን ሳላይ አልሰጥም ብዬ ነው የከፈትኩት’ አለ። ለልጄ አለ እኮ! ማን ነው በዚህ ዘመን የሰው ልጅ ‘ልጄ’ የሚል? እንባዬ ነው የመጣው። እንዲያውም እስከ ዛሬ ይመጣል።

»ደግሞም የት እንደ ኖረ ጠይቂ። እኛ ሳንጠይቀው ነው የነገረን፣ ግልጽ ሰው ነውና። ‘ብዙ ያልሠራ ነው፤ ሳጥን ውስጥ የቆየ፣ ያረፈ ካርድ ነው’ አለን። ያረፈ…»

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው። ከባንኮኒው ኋላ የነበረው የመበየጃ ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ የያዘው እጅ አልተንቀሳቀሰም።

«አንቺ ሆስፒታል የምትሠሪ ሰው፣ ‘አረፈ’ ሲሉሽ ምን ትይዣለሽ? እኔማ ሞኟ ደስ አለኝ። ያረፈ በሬ፣ ያረፈ ሠራተኛ… ጉልበት አለው ብዬ። ሰውየው ግን አልዋሸም፣ አደራሽን እንዳታሚው። አጥርቶ ነው የነገረን። እኛ ነን ‘ነፍስ ይማር’ ማለት ሲገባን ‘እጅህ ይባረክ’ ያልነው።

»እዚያው አስነስተሽ ካላየሽ ደግሞ እንዳትወስጂ። ከባድ ጌም አስከፍተሽ ግማሽ ሰዓት አሠሪው። ፋኑ ሲያቃስት፣ ሲንተፋተፍ ስሚ፤ የታማሚ ትንፋሽ ማዳመጥ ለአንቺ አይነገርሽም። ስክሪኑን እዪ፣ ጀርባውን በእጅሽ ሙቀቱን ለኪ። እኛም ልናይ ነበር፣ ምን ያደርጋል መብራት ጠፋ አለን! መብራት እንኳ ለዚያ ሰው ታዛዥ ነው እህቴ… ፊት ለፊት ያለው ጸጉር ቤት ማድረቂያው ይጮሃል፣ ከጎን ያለው ፎቶ ኮፒ ይገለብጣል፤ የእሱ ቤት ብቻ መርጦ ጠፋ። ‘ታዲያ ቢበላሽስ?’ አልኩት፣ ትንሽ ልቤ ፈርቶ። ደረቱን መታ አደረገና ‘ዋስትናው እኔ ነኝ’ አለ። ደረሰኝ ብንለው እንዴት አፈረብን መሰለሽ! በእኔና በእናንተ መሀል ወረቀት ይግባ ወይ ብሎ። እውነትም ምንም አልገባ። ካርዱም ሄደ፣ ዋስትናውም ከዚያ ወዲህ በራችንን ረግጦ አያውቅም። ሥራ በዝቶበት ነው። ሌላም የሚያሳርፈው አይጠፋም።»

ነርሷ ወደ ባንኮኒው ቀና ብላ አየች፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ከኢንጂነሩ እጅ አንዲት ብሎን አምልጣ ወለሉ ላይ ተንከባለለችና ልብስ ሰፊዋ እግር ሥር ቆመች። አንስታ ቀስ ብላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት። የብሎኗን አናት ግን ሳታይ አላስቀመጠችውም።

«አሥራ አንድ ቀን ሠራ። አልክድም፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ። እህቴ፣ እነዚያን ቀናት እንዴት ልንገርሽ? አባቷ ካረፈ… ይኸው እኔም አልኩት… አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይቺ ልጅ ድምፅ አልነበራትም። ትበያለሽ ስላት ትበላለች፣ ተኚ ስላት ትተኛለች። ካርዱ የተገጠመ ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔ መጋረጃው ወዲህ ሆኜ የጉርድ ጫፍ እሰፋለሁ። እሷ ያንን ጆሮ ላይ የሚደረገውን አድርጋ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በየቤታቸው ሆነው ይጫወታሉ። መኪና ነው መሰለኝ፣ እየተገፋፉ የሚነዱት። በድንገት ከት ብላ ሳቀች። ‘ግፋው! ግፋው እንጂ፣ አንተ ቀርፋፋ!’ ትላለች፣ ትስቃለች። እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ፤ የመኪናዬ ድምፅ እንዳይሸፍነው ብዬ። ጉርዱ ሁለት ቀን ዘገየ፤ ባለቤቷ ተቆጣችኝ፣ ትቆጣ። ያን ሰው ከልቤ መረቅሁት። ምርቃቴን እስከ ዛሬ አላነሣሁም። የት እንደሚያስቀምጠው ግን አላውቅም።

»በአሥራ ሁለተኛው ቀን ‘እማ’ ብላ ጠራችኝ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ስክሪኑ ሁሉ ትናንሽ አራት ማዕዘን ሆኗል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሜ የምሰፋው የአልጋ ልብስ መሰለኝና ‘ውይ፣ እንዴት ያምራል! ይሄኛው ደግሞ ምን የሚባል ጨዋታ ነው?’ አልኩ። ልጄ ፊቷን አዙራ አየችኝ… ያንን አስተያየት ለጠላትም አይስጥ። እኔ ሥዕል እያደነቅሁ ነበር ለካ፣ ካርዱ እያጣጣረ ነው። ጥቁር አለ፣ በቃ። አረፈ።

»ወደዚያ ሰው ይዛው ሮጠች። እኔ አልነበርኩም። ገልበጥ አድርጎ አየው አሉ፤ ሁለቴም አላየው። ‘ምን አድርገሽው ነው? ካርድ እንደ ሰው ነው እኮ፣ ይደክማል። ከአቅሙ በላይ አሠርተሽ ገደልሽው’ አላት። እውነቱን ነው! በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለአሥራ አንድ ቀን! ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ነው የወለድኩት? ያ ሰው አዛኝ ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ቢሆን ከሶ ያሳስራት ነበር።

»እኔ ደግሞ እንደምታይኝ ነኝ፣ ስፌቱ የሳሳ ነገር ሳልፈታ አልተኛም። በማግሥቱ ካርዱን በጨርቅ ጠቅልዬ ከገበያው ጀርባ ያሉትን ሬዲዮ የሚጠግኑ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ከፈቱት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ኮምፒዩተር የኢንተርኔት ገንዘብ የሚቆፍርበት ሥራ አለ አሉኝ፤ ሃያ ሠላሳውን ካርድ በመደዳ ይደረድሩትና ቀን ከሌት፣ ሰንበት የለ በዓል የለ ያስቆፍሩታል። ‘ይሄ ልጅ እዚያ የኖረ ነው’ አሉ። ጀርባው እንደ ተቆላ ቡና ሆኗል። ከላይ ጥቁር ቀለም ተረጭቶበታል። ፋኑ ላይ የጫማ ቀለም። የተገለበጠ ኮት አልኩ በሆዴ… ሰፊው ጎበዝ ነው፣ ገበሩን ግን ረስቶታል። ‘ታዲያ ልጄ ነች የገደለችው?’ አልኳቸው። ሳቁ። ‘እሜቴ፣ ይሄ ወደ ቤታችሁ የመጣው ሊሞት ነው’ አሉኝ። ዕድሜውን በሙሉ ለአንዲት ቀን እንኳ ያላረፈ ካርድ… እኛ ቤት መጥቶ አረፈ። ቤታችን ለዚህ የተመረጠ ነው መሰለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ወደ ነርሷ አስጠጋች። ማራገቢያዋ ታንጎራጉራለች። ቀጥላ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለነርሷ ግን የሚበቃ፣ ለባንኮኒውም የሚተርፍ።

«ደስ ብሎኝ ቤቴ በረርኩ። ‘ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም!’ አልኳት። አዛውንቱ ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‘እሱ አይዋሽም’ አለችኝ። አየሽ እምነት? እኔ ወልጄ፣ አጥብቼ፣ አዝዬ ያላገኘሁትን እምነት ያ ሰው በአንድ ቀን አግኝቶታል። ክፉው ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ትከሻዋን ይዞ ‘ከእንግዲህ አባትሽ እኔ ነኝ’ ብሏታል። ሰምታዋለች። ልጅ አይደለች እንዴ፣ ቃል ሲሰጧት ትይዛለች። ‘አባትሽ እኔ ነኝ’ ያለውንም ያዘች፣ ‘ገደልሽው’ ያለውንም ያዘች። እኩል አድርጋ።

»አሁን ኮምፒዩተሩን በአንሶላ ሸፍናዋለች፤ እናንተ ዘንድ ሰው እንደሚሸፈነው። እሱስ ቢሆን ግዴለም፣ ካርድ ነው። ባለፈው ግን ‘እስቲ የኔ ልጅ፣ ዓይኔ ደከመ፣ ይሄን ክር አስገቢልኝ’ ብላት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ‘ይቅርብኝ እማ፤ እኔ የነካሁት ሁሉ ያርፋል’ አለችኝ። አባቷ ያረፈ ዕለት የመጨረሻዋን ውሃ ያጠጣችው እሷ ነበረች እህቴ… ያንን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእኔም አልነገረችኝም፤ በክሩ ነው የነገረችኝ።

»ስለዚህ ልጄ ሌላ ካርድ አትፈልግም። ቢያመጡላትም አትነካውም። ገንዘቡም ይቅር፤ እኔ አንስቼውም አላውቅ። አንዲት ቃል ናት የጎደለቻት። ‘አንቺ አይደለሽም’ የምትል። ስንት ደቂቃ ትፈጃለች? ከእኔ አፍ አልሠራም፣ ከአዛውንቱም አልሠራም። የሚታመነው አንድ ሰው ብቻ ነው… እሱ ደግሞ ሩቅ ነው። ምን ያድርግ፣ ሥራ አለበት።»

ፔዳሉ አልቋል። ኢንጂነሩ በሁለት እጁ ገፋ አድርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው፤ ዓይኑን ግን ከጠረጴዛው አላነሣም። ልብስ ሰፊዋ ብየዳውን በጣቷ ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች።

«እንዴት ያለ ጥሩ ብየዳ ነው! አየሽ፣ ሲፈልጉ እንዲህ ይችላሉ። አይ አይ፣ ተይ እንጂ፣ ወረቀቱን አትጠፊው፤ በኔ ወሬ ተነሥተሽ ልትሄጂ? እዚህ ቤት እኮ ሌላ ነው። እዚህ መብራት አለ፣ ማራገቢያውም ይኸው ይዞራል። ‘አስነሥተህ አሳየኝ’ በይው፣ ያሳይሻል። ‘የት የኖረ ነው?’ በይው፣ ይነግርሻል። ከዛሬ ጀምሮ ለጠየቀው ሁሉ ይነግራል። እኔ ምስክር ነኝ።»

ፔዳሉን በያዘችው ጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ወደ በሩ ተራመደች። ኢንጂነሩ መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለ። ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ፤ መልሶ ሰቀለው፤ እንደ ገና አወረደውና በእጁ እንደ ያዘው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ አላየችውም። ቢያንስ ዞር ብላ አላየችውም። በሩ ላይ ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ወደ ነርሷ ተመለሰች።

«ውይ፣ ልጄ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትገባለች፣ ቶሎ ልድረስ። በሩን ሳልዘጋው ነው የመጣሁት፤ ዛሬ ክፍቱን ይዋል ብዬ… ብቻ ያን ሰው እንዳትቀየሚብኝ። እኔ ስሙን በሰው ፊት አንስቼ አላውቅም። ስሙን የምጠራው በጸሎቴ ብቻ ነው፣ ማታ ማታ፤ እዚያ ደግሞ ስም አይሳሳቱም። ምን እንደምለው ልንገርሽና ልሂድ። ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። ጤና ይስጠው። ቤቱን ይሙላለት። ሁለት ልጆች አሉት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያቸው፤ እነሱን ያሳድግለት። ሰው ነውና ደግሞ፣ ምናልባት እሱ ቀድሞ ያረፈ እንደሆን… አምላክ ልጆቹን ሜዳ ላይ አይጣልበት። ልክ እንደ እሱ፣ ምንም ሳይጎድል ልክ እንደ እሱ ያለ አጎት ያቁምላቸው… አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።»